አሥራ አራት ደቂቃ

ጥር 6፣ ሰኞ

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ገጽ። ሃያ ገጽ ይሁን ተባለ።

አራት ዓመት ዕድሜዬን የበላውን የዶክትሬት ዲሰርቴሽን አማካሪዬ ዛሬ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እንደሞተ አይጥ ጠረጴዛው ላይ ጣለልኝ። ይሄን እናትሽም አታነበውም፣ አርቲክል አድርጊውና እንገላገል አለኝ። «አለኝ» የምለው እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ሲሆንማ እሺ ፕሮፌሰር፣ እንዳሉ ፕሮፌሰር ነኝ። ተማሪዎች መቀሱ ይሉታል፤ የሰው ጽሑፍ ሳይቆርጥ መልሶ አያውቅም።

ነገሩ አጭርና ግልጽ ነው። የአዋላጅ ነርሶች ማሠልጠኛ ውስጥ የኮንትራት አስተማሪ ነኝ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጆርናል የተቀበለው አንድ ጽሑፍ ካመጣሁ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካላመጣሁ ኮንትራቴ አይታደስም፣ ተመልሼ ማዋለጃ ክፍል ነኝ። ስምንት ዓመት አዋለድኩ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ደግሜ ያንን ጓንት አላጠልቅም። አላጠልቅም ብያለሁ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

የራሴን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ያቅለሸልሻል። «ከላይ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» የሚል ነገር አርባ ስድስት ቦታ አለ፤ ቆጠርኩት። ማን ነው የሞከረው? እኔ ነኛ። ለምን ዝም ብዬ አልጠቀስኩም?

ሲጠቀለል ይሄ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል ደርሳ አዋላጅ እስክታያት ስንት ደቂቃ ትጠብቃለች? ሦስት አዋላጅ ያለበት ፈረቃ ሁለት ካለበት ይሻላል ወይ? ከማዋለጃ ክፍሉ የሦስት ዓመት መዝገብ ላይ 1,912 ሴቶች ወሰድኩ። አንዱ ዓምድ የደረሰችበት ሰዓት፣ ቀጥሎ ያለው የታየችበት። ቀነስኩ፣ ደመርኩ፣ አካፈልኩ፤ አማካዩ አሥራ አራት ደቂቃ ወጣ። በሁለቱም ፈረቃ ያው አሥራ አራት ደቂቃ።

ከዚያ ሃያ ሁለት እናቶችን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነጋገርኩ። እነሱ ስለ አሥራ አራት ደቂቃ ያወሩት ነገር የለም። ያወሩት ኮሪደሩ ውስጥ ስላለው አግዳሚ ነው፤ ግማሽ ቀን ስለተቀመጡበት። ዲሰርቴሽኑ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን አሉ። መሀላቸው፣ ገጽ 143 ላይ፣ መዝገቡ እንዴት እንደሚሞላ የሚያስረዳ አንቀጽ አለ። በጣም ረጅም ነው። አጻጻፉም አስቀያሚ ነው።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

መቀሱ ጋ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ገጽ በገለጠ ቁጥር ጣቱን ይልሳል። ምራቁ ያልነካው ገጽ የለኝም። ቤት ስገባ ወረቀቱን ባልኮኒ ላይ አስጥቼ ነው የነካሁት።

የእናቶቹ ምዕራፍ ወጣ። «የአልቃሾቹን ተይው፣ ለሌላ አርቲክል ይሆናል» አለ። አንድ ጽሑፍ አንድ መልእክት ነው ያለው ይባላል፤ መልእክቱም አሥራ አራት ደቂቃ ነው። እሺ ፕሮፌሰር አልኩ። እሺ ስል ድምፄ ራሱ እንደ ተማሪ ቀጥኖ ይወጣል፤ የገዛ ድምፄ ቀፈፈኝ።

በሩን ዘግቼ ስወጣ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ስለ እኔ ነው። «ጎበዝ ናት፣ ደግሞ አትከራከርም» ይላል። እንደ ሙገሳ መሆኑ ነው።

ጥር 22፣ ረቡዕ

ክፍል አለኝ፣ በችኮላ። 6,240 ቃል። ጆርናሉ ከ5,000 በላይ አይቀበልም። 1,240 ቃል ከየት አባቴ ላምጣ?

ምሳ ሰዓት። ገጽ 143ን ቆረጥኩት። ሦስት መቶ ምናምን ቃል ነበር። በምትኩ «መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት እንደመሆኑ የራሱ ውስንነቶች አሉት» ብዬ አስገባሁ። ስምንት ቃል ነው፤ ሁሉም የሚጽፈው ነው። ያለ እሱ ጽሑፉ ቀለል ብሎ ይነበባል። ደግሞ አንቀጹ ከጥንትም አስቀያሚ ነበር፤ ይህን ጽፌዋለሁ መሰለኝ።

ጥር 26፣ እሑድ

ባለቤቴ አነበበው። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሕንጻ ጣሪያ ላይ ነው የሚውለው። መነጽሩን አድርጎ፣ በጣቱ መስመር እየተከተለ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ሁለቴ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ እህቱ የወለደች ጊዜ እዚያው ኮሪደር ላይ ስንት ሰዓት እንደቆመ አስታወሰኝ። ይሄ አማካይ ነው አልኩት። አማካይ የሚለውን ቃል ከሰማ ሰው ዝም ይላል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም።

እነሱ ጋ ሊፍቱ ማሽን ክፍል ውስጥ የተሰቀለ የፍተሻ ካርድ አለ፤ በየወሩ ይፈረማል። ጣሪያው ላይ ሳይወጣ ከታች ፈርሞ የሚሄድ ሞልቷል አለኝ። ካርዱን ያየ ሰው ሊፍቱ በየወሩ የታየ ነው የሚመስለው።

«እናንተ ጋ ሰዓቱን የምትጽፈው ማን ናት?»

አዋላጇ አልኩት።

«መቼ?»

ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። ሳህኑ የታጠበ ነበር።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ተላከ። አንደኛ ስም መቀሱ። ሁለተኛ ስም የሆስፒታሉ ዳይሬክተር፤ ሰውየው ለጽሑፉ ያደረገው ነገር ቢኖር መዝገብ ቤቱ እንዲከፈትልኝ አንድ ደብዳቤ ላይ መፈረሙ ነው። ሦስተኛ እኔ። አራት ዓመት መዝገብ ላይ አቧራ የዋጥኩት እኔ ሦስተኛ! ዳይሬክተሩ ወዳጃችን ነው፣ ነገ ያስፈልግሻል አለኝ መቀሱ። የጆርናሉ አዘጋጅም አብሮት የተማረ ጓደኛው ነው፣ በወር ውስጥ መልስ ታገኛለሽ አለኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ይህን የሚናገረው። እኔም ጥርሴን ብልጭ አድርጌ አመሰገንኩ፤ ጥርሴን ባወልቀው ደስ ባለኝ።

የካቲት 27፣ ረቡዕ

የገምጋሚዎቹ መልስ መጣ። አንደኛው ነጠላ ሰረዝ ቆጥሮ ነው የላከው። ሁለተኛው ግን አንብቧል፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ስም አይጻፍም። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«የመድረሻው ሰዓት የሚመዘገበው መቼ ነው? በማን? ከ1,912 ሴቶች አንዷ እንኳ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ጠብቃ አለመገኘቷ እንዴት ይታመናል?»

ምን አገባው? መጀመሪያ የመጣልኝ ይሄ ነው። ቀጥሎ የመጣልኝን አልጽፈውም።

የካቲት 30፣ ቅዳሜ

በቅዳሜ ምድር መቀሱ ቢሮው ጠራኝ። ወንበሩን ለቀቀልኝና ከኋላዬ ቆመ። ፕሮፌሰር፣ መዝገቡ እኮ የሚሞላው ፈረቃ ሲያልቅ ነው፣ ዲሰርቴሽኑ ላይ ገልጬው ነበር አልኩት። ብዬዋለሁ፤ አላልኩም እንዳልባል። «ቋሚ መሆን ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከዚያ አስጻፈኝ፦ «የመድረሻው ሰዓት እናትየዋ በር ላይ እንደደረሰች ወዲያውኑ በተረኛዋ አዋላጅ ይመዘገባል።»

ያለው እሱ ነው። እኔ ተየብኩ።

ስጨርስ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ያንን ሸሚዝ ቤት ገብቼ ከልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሁለት ጊዜ አዞርኩት።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ተቀበሉት። ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። መምህራኑ በየተራ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ፤ ሁለቱ ደግሞ ደስ አላላቸውም፣ እነሱን ነው የወደድኳቸው።

ባለቤቴ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ሳመኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። አንድ ነገር ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ቀጮ ደወለች። ስምንቱን ዓመት አብራኝ ያዋለደች ጓደኛዬ ናት፤ እሷ እዚያው ናት። የምሥራቹን ከዳይሬክተሩ ጸሐፊ ሰምታ ስልኩ ውስጥ እልል ስትልብኝ ጆሮዬን ልታደነቁረኝ ነበር። «ከእኛ መሀል አንዷ እንኳን ትውጣ!» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ሽንት ቤት ገባሁና ፊቴን ታጠብኩ።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ ቀጮ የማሠልጠኛው በር ላይ ጠበቀችኝ። ከስታ ነበር፤ ቀድሞም ከዚህ በላይ የሚከሳ ነገር አልነበራትም። ከሰኞ ጀምሮ ሦስት አዋላጅ የነበረባቸው ፈረቃዎች ሁሉ በሁለት ሆነዋል። ሦስተኛዋ ወደ ክትባት ክፍል ተዛወረች። ዳይሬክተሩ ሁሉንም ሰብስቦ፣ ሁለትም ብትሆኑ ሦስትም ብትሆኑ እናቶች የሚጠብቁት አሥራ አራት ደቂቃ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል ብሏቸዋል። ጽሑፉን እያወዛወዘ።

ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም። ግራ የገባት ነበር የምትመስለው።

«ስምሽን ሳይ እኮ ደስ ብሎኝ ለሁሉም እየዞርኩ ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «የእኛን መዝገብ ነው የቆጠርሽው? ያንን የእኛን?»

ምን ልበላት። ስታዋልጂ እጅሽ ጓንት ውስጥ ነው። የወለደችበትን ሰዓትና የልጁን ክብደት የጓንት ካርቶን ላይ ትጭሪያለሽ። ፈረቃው ሲያልቅ ቁጭ ትይና ከካርቶን ወደ መዝገብ ትገለብጫለሽ። የደረሰችበትን ሰዓት ማን አይቶት? የታየችበትን ትጽፊና አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ። ሠላሳ ካለፈ ተቆጣጣሪው በቀይ ያከብበዋል፤ ቀይ ከበዛ ክፍሉ በሙሉ ይገሰጻል። አዲስ ለመጣችም እንዲሁ ብለሽ ታሳያታለሽ። ሁሉም የሚያደርገው ነው። እዚያ ያሉት ማለቴ ነው።

እነጋገራለሁ አልኳት። ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ቅጥሬን የሚያየው ኮሚቴ ስብሰባ ሚያዝያ 23 ነው። ከዚያ በኋላ ቋሚ ሆኜ ብናገር ቃሌ ክብደት ይኖረዋል። ይሄን ለባለቤቴ ነገርኩት። መፍቻዎቹን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ መጥረጉን ቀጠለ።

ሚያዝያ 4፣ አርብ

አንዲት ሴት አግዳሚው ላይ ወለደች።

ሁለቱም አዋላጆች ምጥ ክፍል ውስጥ እጃቸው ተይዞ ነበር፤ አንደኛዋ ቀጮ። ስትወጣ የልጁ ጭንቅላት ወጥቷል። ልጁ ተርፏል፤ እናትየዋ ብዙ ደም ፈሷት እስከ ትናንት በሞትና በሕይወት መሀል ነበረች፣ አሁን ዓይኗን ገልጣለች። ባልየው የደረሱበትን ሰዓት ያውቃል፣ የታክሲውን ስልክ መልእክት አሳይቷል። ሦስት ሰዓት ከአሥር ደረሱ፣ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ታየች።

ቀጮ እንዳለ ጻፈችው። 3:10። 5:50። በዚያ መዝገብ ታሪክ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ዳይሬክተሩ ጠርቶ አስተካክይው አላት፣ መድረሻውን አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት አድርጊው። አላደርግም አለች። ሆን ብለሽ መዝገብ አበላሽተሻል፣ በባልደረባሽ መዛወር ተበሳጭተሽ ነው ተብላ በዲሲፕሊን ተከሰሰች።

የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ናት ይህን የነገረችኝ። ቀጮ አልደወለችልኝም።

ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ

መቀሱ ጠራኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የባለሙያ አስተያየት ይፈልጋል፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መጠበቅ የሚባል ቁጥር በጥናታችን ከታየው ጋር ይሄዳል ወይ የሚል። አዋላጅም ስለነበርሽ አንቺ ብታቀርቢው ያምራል አለኝ። «አንድ ገጽ ናት» አለኝ፤ ጣቱን ልሶ የቀን መቁጠሪያውን ገለጠና ሚያዝያ 16 ላይ ምልክት አደረገ። የእኔ ቅጥር የሚታየው ከዚያ በሳምንቱ መሆኑን እኔም እሱም እናውቃለን፤ ማናችንም አላነሳነውም። አስጠልቶኝ አያውቅም እንደዛሬ። እሱን ነው የምለው? እንግዲህ ሁለታችንም ክፍሉ ውስጥ ነበርን።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ

አስተያየቱን ጻፍኩ። ማንንም አይጎዳም። ቁጥሩ ከጥናቱ ውጤት «በእጅጉ የራቀ» መሆኑን ብቻ ነው የሚለው፤ ምክንያቱን ኮሚቴው እንዲያጣራ ይላል። ዋሽታለች አይልም። አራት ጊዜ አነበብኩት፣ የትም ቦታ ዋሽታለች አይልም።

ባለቤቴ ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያች ሴት ጋር ስምንት ዓመት ከአንድ ሳህን በልተሽ ነበር አለኝና ወጣ። በሩን እንኳ አላጋጨውም።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

እጄ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ሰባት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ። ዳይሬክተሩ በሰብሳቢነት፤ ከሳሽም ዳኛም እሱ። መቀሱ ከጎኑ። ቀጮ ጫፍ ላይ፣ የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች፤ በቀጥታ ከምጥ ክፍል ነው የመጣችው። ከእኔ ፊት ለፊት ነበረች፣ አላየችኝም።

ዳይሬክተሩ አሮጌዎቹን መዝገቦች አስመጥቶ ነበር። ለዓመታት እንዴት በሥርዓት ይሠራ እንደነበር ለማሳየት ነው። አንዱን መሀል ላይ ከፈተና ጮክ ብሎ አነበበ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ዞሮ ቀጮን እስከ ዛሬ እንዲህ ስትጽፊ ኖረሽ አሁን ምን ነካሽ አላት።

«እስከ ዛሬ የጻፍኩት ውሸት ነው» አለች። «ፈረቃ ሲያልቅ እየገመትኩ ነበር የምሞላው። እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።»

ሌላ ሰው የለበትም ስትል ድምፅዋ ትንሽ ከፍ አለ። ለእኔ ነው ያለችው። ሰማይ የሚያህል ሰፊ ክፍል ቢሆን ኖሮ እንኳ ለእኔ መሆኑን አውቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ደስ አለው፤ ይመዝገብልኝ፣ በራሷ አፍ አምናለች አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ የባለሙያ አስተያየት።

መዝገቡ ፊቴ ክፍት ነበር። ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ በጭረት የምጽፍ እኔ ብቻ ነበርኩ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ፤ ልጅ ሆኜ የተማርኩት ነው። ገጹ በሙሉ ጭረት ያላቸው ሰባቶች ነው። ዳይሬክተሩ ጮክ ብሎ ያነበበው የእኔን ነው። ለጥናቱ ከወሰድኩት ሦስት ዓመት የመጀመሪያው ዓመት እኔ እዚያ ተረኛ ነበርኩ። ይህንን ዲሰርቴሽኑ ላይ አልጻፍኩም፣ ገጽ 143 ላይም አልጻፍኩም፣ እዚህ ደብተር ላይም ሦስት ወር ሙሉ ዞሬ ዞሬ አልጻፍኩም። የራሴን ግምት ቆጥሬ ነው ዶክተር የተባልኩት።

«ይሄ የእኔ እጅ ነው» አልኩ።

የሰሙኝ አልመሰለኝም፣ ደገምኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርቶኑን፣ ወደ ኋላ መሄዱን፣ ቀዩን ክብ። ቀጮን ወደ ኋላ መሄድ ያስተማርኳት እኔ መሆኔን። ለገምጋሚው የተጻፈው መልስ ሐሰት መሆኑንና የተየብኩት እኔ መሆኔን። አሥራ አራት ደቂቃ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባው ግን እንዳለ። ጽሑፉ እንዲነሳ ለአዘጋጁ ዛሬውኑ እጽፋለሁ አልኩ። መቀሱ ብርጭቆውን አንስቶ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ልጅቷ ደክሟታል አለ። ዳይሬክተሩ ይህ አይመዘገብ አለ። ከሰባቱ አንዷ፣ የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ ሜትሮን፣ በጡረታ ዋዜማ ያሉ ሴትዮ ናቸው፣ «ይመዝገብ» አሉ። «እኔም እንዲያ ነው የሞላሁት» አሉ። ስብሰባው ተበተነ፤ የቀጮ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።

ቅጥሬ አልቋል። ማንም አልነገረኝም፤ መቀሱ ኮሪደር ላይ ሲያልፈኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር አወቅኩት። ደብዳቤውን ለአዘጋጁ ልኬአለሁ።

ከቀጮ ጋር ከግቢው አብረን ወጣን። መንገዱ ዳር ስንደርስ ቆመችና፣ እዚያ ቁጭ ብለሽ ነው የወሰንሽው ወይስ ቀድመሽ ስትለኝ፣ ቀድሜ አልኳት። ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። አውቅ ነበር አለችኝ፣ አንቺ እንደማትከጂኝ አውቅ ነበር።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ያ የእሑዱ አስተያየት ነው። ከስብሰባው በፊት፣ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ፈርሜበት ነበር።